የሱዕዲ ጀሪካን

ከሀርሺን የሚመጣው የወተት መኪና ጅጅጋ ገበያ ሲደርስ ከማንም ቀድማ ክዳን የምትከፍተው ካውሰር ናት። ቢጫዎቹ ጀሪካኖች እጀታቸው ላይ በታሰረው ጨርቅ ይለያሉ፤ ቀዩ የአንዷ፣ ሰማያዊው የሌላዋ፣ አረንጓዴው የሱዕዲ። ካውሰር እያንዳንዱ አፍ ላይ ጎንበስ ብላ ታሸታለች። የኮመጠጠውን፣ ውሃ የነካውን፣ በእንጨት ጭስ በደንብ ባልታጠነ ዕቃ የመጣውን ለይታ ወደ ጎን ታደርጋለች። ወተት ሻጮቹ ለዚህ ሥራ ሲመርጧት ልጃገረድ ነበረች። አሁን ሽበቷን ሂና ትቀባለች፤ ፍርዷን የሚሞግት ግን እስካሁን አልተገኘም።

ሴቶቹ አንድ የቆየ ልማድ አላቸው። ከተማ ሆነው ከሚሸጡት ወይም ከከብት ጋር ሆነው ወተት ከሚልኩት አንዷ ስትታመም፣ ባዶ ጀሪካኗ ከሌሎቹ ጋር ይደረደራል። ጤነኛዋ ሁሉ ከራሷ አንድ ኩባያ ትገለብጥበታለች። ወተቱ በታማሚዋ ስም ተሸጦ ለመታከሚያዋ ይሆናል፤ ደንበኞቿም አይበተኑም።

በ2014 ድርቁ ሲጠና ወተቱ አነሰ፤ ኩባያዋም ከበደች። የጤና መድን ጉዳይ በቀበሌያቸው አዳራሽ ለክርክር የቀረበው በዚያው ሰሞን ነበር።

ከጤና ጽሕፈት ቤት የመጣው ባለሙያ ናሁሰናይ ነገሩን ሳያወሳስብ አስረዳ። ጤነኛው ቀድሞ ያዋጣል፤ የታመመው ይታከምበታል። ባሬ የተባሉ የሰፈሩ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ሳይታመሙ ለበሽታ መክፈል በሽታን ቤት ድረስ መጥራት ነው» አሉ።

«አዴር ባሬ» አለች ካውሰር ከኋላ፣ ታላቅ ወንድ በሚጠራበት በሶማልኛው አጠራር። «በሽታ ሲጠሩት የሚመጣ ቢሆን ሲያባርሩትም ይሄድ ነበር። እኛ ስንት ዓመት ሙሉ ደህና ሆነን ኩባያ ስንገለብጥ ኖርን። ማን ጠራው?»

አዳራሹ ሳቀ፤ ሽማግሌውም ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም።

ከዚያ ኬሪያ ተነሣች። ከካውሰር ጎን የምትሸጥ፣ ልጇ አስም ያለበት ሴት ናት። «መድኑ ጥሩ ነው፤ እኔ እገባለሁ። ግን የመድኑን ካርድ ከያዝን ኩባያው ይቅር። በዚህ ድርቅ ሁለት ቦታ ማዋጣት አልችልም» አለች። ብዙዎች አጨበጨቡላት።

«ሱዕዲስ?» አለች ካውሰር።

ሱዕዲ ሣር ባለበት ከከብቶቿ ጋር የምትዞር፣ አንዳንዴም እስከ ጉናጋዶ የምትወርድ አርብቶ አደር ናት። ናሁሰናይ መልሱን አላድበሰበሰም። «ምዝገባው በመኖሪያ ቀበሌ ነው፣ እናቴ። የሌላ ወረዳ ሰው እዚህ ልጽፍልሽ አልችልም። ጥያቄሽ ግን ትክክል ነው፤ ይዤው እሄዳለሁ።»

«እሷ ደግሞ የሀርሺን ሰው ናት እንጂ የኛ አይደለችም» አለች ኬሪያ።

«ወተቷን ስንሸጥ የኛ፣ ስትታመም የሀርሺን? ወላሂ፣ ጥሩ ዝምድና ነው!»

«ኤዶ፣ አክስቴ ነሽ፣ አከብርሻለሁ። የልጄን ትንፋሽ ግን አንቺ አታዳምጪም።»

እጅ ሲወጣ መድኑ በአንድ ድምፅ አለፈ፤ የካውሰርም እጅ ነበረበት። ኩባያው ይቀጥል የሚለው ግን ወደቀ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ማለዳ የወተቱ መኪና ያለ አረንጓዴ ጨርቅ መጣ። ሾፌሩ ዐያንሌ ወተቱን ሳያወርድ ጋቢናውን ከፈተ። ሱዕዲ በጀርባዋ ተኝታ ነበር፤ ውሃ የጫነች ግመል ስትነሣ ገፍታት ጭኗ ተሰብሯል። ወዲያው ሆስፒታል አደረሷት። አጥንቱ በቀዶ ሕክምና ካልተያዘ ዳግመኛ ከብት ተከትላ እንደማትሄድ ተነገራቸው።

በማግስቱ ካውሰር አረንጓዴ ጨርቅ ያሰረችበትን ባዶ ጀሪካን ከሌሎቹ ጋር ደረደረች። ማንንም አልለመነችም። ኩባያዋን ሞልታ ልትገለብጥ ስትል ኬሪያ ጀሪካኑን ከፊቷ አነሣችውና አፉን አሸተተች።

«ኤዶ፣ ይሄ ዕቃ አልታጠነም።»

ካውሰር ደነገጠች። ሌሊቱን ሆስፒታል አድራ፣ ስትጣደፍ፣ በሕይወቷ ተሳስታ የማታውቀውን ተሳስታለች።

«በሱዕዲ ስም እንዲህ ባለ ዕቃ ልንሸጥ? ያ ሁሉ ወተት እስከ ረፋድ ይኮመጥጣል። ሰው ምን ይለናል?» ኬሪያ ጀሪካኑን ይዛ ከጎረቤት ሻይ ቤት ፍም ለምና መጣች። የማጠኛውን እንጨት ፍሙ ላይ አጭሳ ዕቃውን ገለበጠችበት፤ ጭሱ እስኪጠግበው ጠበቀች። ከዚያ ቦታው መልሳ አስቀመጠችውና የመጀመሪያውን ኩባያ ራሷ ገለበጠች።

«ሁለት ቦታ አልችልም ብዬ ነበር» አለች ካውሰርን ሳታያት። «ዛሬ ቻልኩ። የነገን አላውቅም።»

«የነገን ማን ያውቃል፣ ልጄ» አለች ካውሰርና የራሷን ጨመረች። ሌሎቹም ተራ በተራ እየመጡ ገለበጡ፤ አንዳንዷ ግማሽ፣ አንዳንዷ ሙሉ። ካውሰር ግማሹንም ሙሉውንም እኩል አመሰገነች። ጀሪካኑ ሲሞላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «የሱዕዲ ወተት! የሱዕዲ ወተት!» እያለች ጠራች። የሱዕዲ ደንበኞች ኩባያና ማሰሮ ይዘው መጡ።

በየማለዳው እንዲህ እየተሞላ በተሸጠው ጀሪካን ገንዘብ የሱዕዲ ጭን ታከመ። ዛሬ ትንሽ ታነክሳለች እንጂ ከብቶቿን ትከተላለች። ኬሪያ ልጇን በካርዱ ታሳክማለች፤ የታመመች ስትኖር ኩባያዋን ትገለብጣለች፤ ማጉረምረሟንም አልተወችም። የመድኑ ማሳደሻ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ካውሰር ካርዷን ከፍ አድርጋ ያንኑ ጥያቄ ትጠይቃለች። «ይህ ለእኔ ደርሶኛል። ለምትዞረዋስ?» ናሁሰናይ እንደማትቀር ስለሚያውቅ ከፊት ወንበር ያስቀምጥላታል።

መኪናው ሲመጣም አረንጓዴ ጨርቅ ያለበትን ጀሪካን እንደ ሌሎቹ ትከፍታለች፤ ጎንበስ ትላለች፤ ታሸታለች። ለሱዕዲ አታደላም። እስካሁን የሱዕዲን ወደ ጎን ያወጣችበት ጊዜ የለም፤ ይህንንም ለመጣ ለሄደው ሁሉ ትናገራለች።