ያልደረሰው ጭቃ

እናቴ የተሰነጠቀው ግድግዳ ሥር፣ አባቴ ደጃፉ ላይ፣ እኔ ጭቃው የተቦካበት ጉድጓድ ዳር ቆመን ነበር፤ ማክሰኝት፣ በልጅነቴ ቤት። ዛሬ ጎንደር የቤቴን ስንጥቅ ልደፍን ከሳምንት በፊት በጭድ ያቦካሁትን ጭቃ ስገልጠው፣ ያ የኮመጠጠ ሽታው ወደዚያ መለሰኝ።

እናቴና አባቴ እንዲለያዩ ሽማግሌዎች ጨርሰው ነበር። እናቴ ግን፣ "ግድግዳውን ሳልመርግ አልሄድም" አለች። የምርግ ጭቃ ጭዱ እስኪበሰብስ ቀናት ይፈልጋል። ጭቃው ካልደረሰ አትሄድም ብዬ በየማለዳው ተደብቄ አዲስ ጭድ እጨምርበት ነበር። ሽማግሌዎቹ ለመሄጃዋ የቆረጡት ቀን ግን ደረሰ።

እናቴ ጭቃውን በጣቶቿ አሸት አደረገችና፣ "ይኸ ጭድ የዛሬ ነው። ዶሮዋ ትሆን የጨመረችው?" አለች። አቀረቀርሁ።

"ምነው ትደክሚያለሽ? ለኔ ብለሽ ነው?" አላት አባቴ።

"ላንተማ ነፋሱ ይግባብህ! ልጅቱ የምትተኛው በዚህ በኩል ነው።"

ከዚያ ጠራችኝና መዳፌን በመዳፏ ይዛ ግድግዳውን አብረን ለሰንነው።

"ባልደረሰ ጭቃ የተመረገ መሰንጠቁ አይቀርም" አለችኝ።

"ሲሰነጠቅ ትመጫለሽ?"

"ሲሰነጠቅ አንቺ ትደፍኚዋለሽ። እጅሽ ሸጋ ነው።"

በዚያው ክረምት ተሰነጠቀ፤ ደፈንሁት። ዛሬም የምመርገው እሷ እንዳሳየችኝ፣ ከታች ወደ ላይ፣ በመዳፌ ነው።

ያን ቀን ግድግዳው ሲያልቅ እጇን ታጠበች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ በእንፍራንዝ መንገድ ሄደች።