የኮብልስቶኑ ዳኛ

ኦቦ ቀጄላ ዓይናቸው አያይም፤ ስለ ሰፈሩ መኪና ግን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። የጫንጮ ገበሬ ልጅ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ሕመም የዓይናቸውን ብርሃን ሲወስደው አባታቸው ሰበታ ድረስ አምጥተው ማየት ለተሳናቸው ትምህርት ቤት አስገቧቸው። እዚያው ተማሩ፣ እዚያው ሒሳብ አስተማሩ፣ እዚያው ጡረታ ወጡ። ሚስታቸውን ሊቤን ያገቡትም የቀበሩትም ሰበታ ነው። ሊቤ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከቤታቸው እስከ ስንዱ ሱቅ ብቻቸውን ይሄዳሉ። ሁለት መቶ አርባ እርምጃ ነው። ዳቦ ይገዛሉ፣ ከስንዱ ጋር በኦሮምኛም በአማርኛም ይተራረባሉ፣ ይመለሳሉ። ቀኑ ቀን የሚሆንላቸው ከዚህ በኋላ ነው።

መንገዱ ኮብልስቶን ከተነጠፈበት ወዲህ ግን መሪ የያዘ ሁሉ ያብድ ጀመር። አንድ ቀን የአንዱ መኪና ስፖኪዮ እጅጌያቸውን ጨረፍ አድርጎ አለፈ። አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው ደጊቱ ይህን ስትሰማ፣

«አባዬ፣ መኪናው ካልቀነሰ አንተ ትቀንሳለህ። ብቻህን መውጣት ቀረ!» አለች። ደጊቱ አንዴ ካለች አለች ነው።

ኦቦ ቀጄላ ነገሩን ወደ ዕድር ወሰዱት። የውስጥ ለውስጡ መንገድ ትራፊክ ፖሊስ ስለማይደርስበት ዕድሩ የራሱን ደንብ አውጥቶ ነበር፤ በሰዓት ከሠላሳ ኪሎ ሜትር በላይ የነዳ አባል መቶ ብር ይቀጣል። በዛሬ ጊዜ መቶ ብር ማንን ያስፈራል? ባለ መኪናው እየሳቀ ይከፍላል፤ ከፍሎም ይበራል። ስለዚህ ኦቦ ቀጄላ በወሩ ስብሰባ ላይ ተነሱና፣ «አምስት መቶ ይሁን» አሉ።

ሚኒባስ ነጂው ሽመክት ከወንበሩ ተስፈነጠረ።

«ኧረ በማርያም! ለቀብር ስዘገይ ትቀጡኛላችሁ፤ እንዳልዘገይ ስፈጥን ደግሞ አምስት መቶ! የዚህ ዕድር አባል በስንት ፍጥነት ነው የሚኖረው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰብሳቢው ጋሽ ብዙነህ እንኳ አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ። ሽመክት ሳቁ ልብ ሰጠው።

«ደሞስ ማን ሊይዘን ነው? ራዳር አለን?»

«እኔ አለሁ» አሉ ኦቦ ቀጄላ።

«ኦቦ፣ አይቀየሙኝና፣ አንቱ በምን አይተው?»

«ማየቱ ለእናንተ። ስንዱ ሱቅ በር ላይ አንድ የላላ ድንጋይ አለ። የፊት ጎማ ሲረግጠው ቋ ይላል። የኋላው ሲደርስ ደግሞ ቋ ይላል። በሁለቱ መካከል ‹ሊቤ› ብዬ ሚስቴን መጥራት ከቻልኩ ነጂው ጨዋ ነው። ካልቻልኩ ከሠላሳ አልፏል። አስልቼዋለሁ።»

እዚያ ከተቀመጠው ሊቤን የማያውቅ አልነበረም።

«እሺ» አለ ሽመክት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ግን ገና እጁን አልሰጠም። «እንግዲያው ባለፈው ሳምንት ከሁላችን የበረረው ማን ነው? ስሙን ይጥሩልን። ካላወቁ አምስት መቶው ይቅር።»

ኦቦ ቀጄላ ያውቃሉ። የሰፈሩን መኪና ሁሉ በሞተሩ ድምፅ ይለዩታል። ጣጣው፣ የዚያች መኪና ባለቤት ከኋላቸው ተቀምጣ በአባቷ እየኮራች ማዳመጧ ነው። ቢደብቁ ቅጣቱ ባለበት ይቀራል፤ መንገዱም ይቀርባቸዋል። ቢናገሩ ደግሞ እራታቸውን የምታቀርበው እሷ ናት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ማክሰኞ ጠዋት፣ ለሁለት ሰዓት አምስት ጉዳይ። ቪትዝ ናት። የጭስ ማውጫዋ ያስላታል።»

ሰው ሁሉ ዞሮ ደጊቱን አየ።

«አባዬ!» ብላ ተነሳች። «ልጄ ትምህርት ቤት ረፍዶበት እኮ ነው!»

«አውቃለሁ ልጄ። እናትሽን ልጠራ ‹ሊ› ስል ግን ‹ቤ›ዋን ይዘሽብኝ ሄድሽ።»

ደጊቱ ቁጭ አለች። መጀመሪያ እጁን ያወጣው ሽመክት ራሱ ነበር።

«የገዛ ልጁን ያልማረ እኔንማ መች ይምረኛል! ጻፉት፣ አምስት መቶ!»

ወዲያው ስንዱ ወደ ኦቦ ቀጄላ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «ሁሉም እጁን አውጥቷል። የእርስዎዋም እያጉረመረመች አውጥታለች» አለቻቸው።

የዚያን ዕለት እራት ቀረበ፤ ወሬ ግን አልቀረበም።

በማግሥቱ ጠዋት ኦቦ ቀጄላ ጃኬታቸውን ለብሰው በሩ ጋ ሲደርሱ ደጊቱ ቀድማቸው ቆማለች። ለክርክር ተዘጋጁ። እሷ ግን ዘንጋቸውን እጃቸው ላይ አስያዘቻቸው።

«ሂድ በቃ» አለች። «ቅጣቴን ግን የምትከፍለው አንተ ነህ።»

«እኔ ምስክር እንጂ ተባባሪ አይደለሁም» አሉና፣ ብቻቸውን ወጡ።