ድንበሩን ወይስ ግድግዳውን

ደብረ ማርቆስ ላይ ቤት ልንገዛ ስንነሳ እኔና ባለቤቴ የተጨቃጨቅነው ምኑ ይመርመር በሚለው ላይ ነው። እሱ የገበሬ ልጅ ነውና፣ ቀያሽ መጥቶ ቦታው በካርታው ልክ መሆኑን ካረጋገጠ ይበቃናል አለ። «በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» ይላል፣ እኔ ሚስቱ ፊቱ ተቀምጬ። እኔ ደግሞ ጣሪያውን፣ ግድግዳውንና መሠረቱን የሚያይ መሐንዲስ ካልመጣ አልፈርምም አልኩ። ግትር ነኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ግትርነቴ ግን ምክንያት ነበረው። እናቴ አምበር አጠገብ ብቻዋን ትኖር ነበር። አስም አለባት፤ ክረምት በገባ ቁጥር የቤቷ እርጥበት ደረቷን ይዘጋዋል፤ ያለፈውንማ ያሳለፈችው ሆስፒታል ተኝታ ነው። ከእኛ ጋር እንድትኖር ስንት ለምነናት «እሺ፣ ክረምቱን ብቻ» አለችን። እርጥብ ቤት ገዝቼ ባመጣት በገዛ እጄ ገደልኳት ማለት ነው።

«ድንበሩ ጠብ ካለበት ዕድሜ ልካችንን ፍርድ ቤት ስንመላለስ ነው» አለ ባለቤቴ።

«እናቴ ድንበሩ ላይ አትተኛም» አልኩት።

መሐንዲሷ መጣች። እሱም አኩርፎ ድንበሩን ራሱ በገመድ ለካ፤ ጎረቤቶቹንም እየዞረ ጠየቀ። ጠብ የለበትም።

ሻጩ ሚስታቸው የሞቱባቸው የቅኔ መምህር ናቸው፤ ደምበጫ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው ቤቱን የሚሸጡት። ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል። መሐንዲሷ የጓዳውን ግድግዳ በጥቂቱ ልፋቀው፣ ቁም ሳጥኑም ይነሳልኝ ስትል ፊታቸው ጠቆረ።

«ልጄ፣ ቤቱ ደህና ነው ብዬሽ የለም? የኔን ቃል ነው የምትፍቂው?»

ባለቤቴ መሬት መሬት ያያል። እኛ አገር ሽማግሌ ደህና ነው ካለ በኋላ መፈተሽ ስድብ ነው። እኔም አፈርኩ፤ ግን ወደኋላ አላልኩም።

«የኔታ፣ እርስዎን ጠርጥሬ አይደለም» አልኳቸው። «እዚህ ጓዳ የምትተኛው እናቴ ናት። አስም አለባት።»

ይህን ሲሰሙ የቁም ሳጥኑን አንድ ጫፍ ራሳቸው ያዙና «አንሡ እንጂ» አሉን። ከበስተጀርባው ቀለሙ አብጦ ተልጧል።

«ለጤነኛ ሰው ይሆናል ብዬ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ይችን ክፍል እንዳትሰጫት፤ ክረምት ግድግዳዋ ያልበዋል። እኔ የምተኛበትን የፊተኛውን ስጫት፤ ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል።»

ይቅርታ ሊጠይቁ አፋቸውን ሲከፍቱ አቋረጥኳቸው። እንዲያውም ወደድኳቸው።

መሐንዲሷ ግን በዚህ አልተመለሰችም። የፊተኛውንም ክፍል ፈትሻ ደረቅ መሆኑን ነገረችን። ከጓዳው ጀርባ አፈር ከመሠረቱ ድንጋይ በላይ ተከምሯል፣ የጣሪያውም ውኃ እዚያው ይወርዳል፤ አፈሩን አንሡ፣ አሸንዳ ግጠሙ፣ ቦይ ቅደዱ አለች። ቤቱን ገዛነው። ባለቤቴ ዝናብ ሳይቀድመው ቦዩን ቆፈረ፤ ሲቆፍር ሲያጉረመርም ዋለ፣ ግን አሳምሮ ቆፈረው።

እናቴ ሰኔ ላይ መጥታ የፊተኛው ክፍል ገባች። ዝናቡ እንደ ጎጃም ክረምትነቱ ሳያባራ ዘነበ። መጀመሪያ ሰሞን ሳል ይዟት ነበር፤ ከዚያ ተዋት። ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ አለፈ፣ ሆስፒታል ደጃፍ አልደረስንም። ደስታዬን የምሸሽግበት አጣሁ፤ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ «እናቴ እኮ ደህና ናት» እለዋለሁ።

መስከረም ሲጠባ አምበር የሚኖረው ወንድሜ ሊወስዳት መጣ። ክረምቱን ብቻ ብላ ነበርና፣ ከፍቶኝ ልብሷን አጣጠፍኩላት። እሷ አልጋዋ ላይ፣ ፀሐዩ ውስጥ ተቀምጣለች።

«እማየ፣ እንሂዳ» አላት ወንድሜ። «ቤትሽ እንደተዘጋ ከረመ።»

«እሱንስ» አለችው፣ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ፣ «የዘንድሮውን ጭድ ክተትበት።»