የጓሳ ጭቃና የእናቴ ጠበል

ለትምህርት ወደ ጀርመን ልሄድ ከሞላሌ የተነሳሁ ምሽት፣ እናቴ ያለቀሰችው ለእኔ ብቻ አልነበረም፤ ለጭቃዬም ጭምር ነው። መንዝ ውስጥ ካለው የጋራ ግጦሻችን፣ ከጓሳ ረግረግ ቆፍረን ያወጣነው ጭቃ በረጃጅም ቱቦዎች ሆኖ ከአልጋዬ ሥር ተኝቷል። ጓሳን የሚጠብቁት ሽማግሌዎች የፈቀዱልኝ በስንት ልመና ነው። «ረግረጉን የሚያደርቀው የበጎቻችን ኮቴ ይሁን ሰማዩ፣ እሱን አጣርተህ ንገረን። ጓሳ አንዴ ተቆፍሮልሃል፤ ሁለተኛ አትጠይቀን» ብለው ሸኙኝ። ጥፋቱ የበጎቹ ከሆነ ግጦሹ ሊዘጋ ነው፤ የእኛም ቤት የሚተዳደረው በበግ ነው።

ፍራንክፈርት ኤርፖርት ላይ የጉምሩኩ ሰው ቱቦዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደራቸው።

«ምንድን ነው?»

«ጭቃ።»

«ጀርመን ጭቃ የጠፋ መሰለህ?»

«አልጠፋም፤ ግን የእናንተ ጭቃ የመንዝን ዝናብ አያውቅም።»

አልሳቀም። የፈቃድ ወረቀቴን እያገላበጠ አነበበ። በመጨረሻ አሳለፈኝ።

ለብርዱስ ግድ የለኝም፤ የጓሳ ውርጭ ነው ያሳደገኝ። የከበደኝ ጎረቤት ሰላም ሳይለኝ መዋሉና ያ የሚኮመጥጥ ጥቁር ዳቦ ነው፤ የእናቴን በሶ ሳስብ ሆዴ ይባባል። ሥራው ግን ደስ ይላል። ውሃ ውስጥ ከባድም ቀላልም ኦክስጅን አለ፤ አይሶቶፕ ይሏቸዋል። ሁለቱን ስንለካ ጭቃው የያዘው ውሃ ከምን ዓይነት ዝናብ እንደመጣ እናውቃለን። ዝናቡ ከቀነሰ ጥፋቱ የሰማዩ ነው፣ ካልቀነሰ የበጎቹ፤ የሽማግሌዎቹ መልስ እዚያ ውስጥ ነው።

አንድ ቀን አማካሪዬ ሄልጋ ጠራችኝ።

«ቱቦዎቹ ውስጥ የሌላ ቦታ ውሃ ገብቷል። ከየት እንደመጣ ካላወቅን ጥናቱን እናቆማለን።»

ሁለተኛ አትጠይቀን ተብያለሁ። ወዲያው እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማ፣ ጭቃዬን የነካ ሰው አለ?»

«ማን ይነካዋል ልጄ? እኔው ነኝ ክዳኑን ከፈት አድርጌ ጠበል ያፈሰስኩበት። በሰላም ይግባልህ ብዬ።»

ልቆጣት ስል ሳቄ መጣ። ለሄልጋ ስነግራት የእሷም ፊት ፈታ አለ። ጠበሉን ለብቻው ከለካነው፣ የእሱን ድርሻ ቀንሰን ጭቃውን እናተርፈዋለን አለችኝ። መልሼ ደወልኩ።

«እማ፣ ከዚያው ጠበል በጠርሙስ ቀድተሽ ላኪልኝ። የሌላ ምንጭ እንዳይሆን አደራ።»



«ከየት አባቴ ላምጣልህ? ምንጩ እኮ ነጠፈ ልጄ። አንተ ከሄድክ ብዙም ሳይቆይ ነው የደረቀው። እንዳትጨነቅ ብዬ ነው ያልነገርኩህ። ያንተ ጭቃ ላይ ያለው ብቻ ነው የቀረን።»

የሚለካ ጠበል ከሌለ ጥናቱ መቆሙ ነው።

«ሽማግሌዎቹ መልሱ ደረሰ ወይ እያሉ በየሰንበቴው ይጠይቁኛል» አለች። «ምን ልበላቸው?»