የጥብስ ቅጠልና ወይራ ያጣሉን ጊዜ

ደሴ ለመምህርነት ስሠለጥን፣ ሥነ ሕይወት የሚያስተምረን ሰው የጥንት ሊቃውንት ዕፅዋትን እንዴት ይመድቡ እንደነበር አጥንቼ በክፍል እንዳቀርብ አዘዘኝ። አብዛኛው ተማሪ የገለበጠውን አንብቦ ይቀመጣል። እኔ ግን ተክሎቹን ራሳቸውን ይዤ ለመቅረብ ቆረጥኩ።

አንድ የጥንት ግሪካዊ ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ቅጠላ ቅጠል ብሎ ከፍሏቸው ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ የመጣ ስዊድናዊ ደግሞ አበባው ውስጥ ያሉትን የወንዴ ክሮች ቆጠረ፤ ሁለት ያለውን ከሁለት፣ አምስት ያለውን ከአምስት ጋር አደረገ። ይኼኛው ቀለለኝ። እሑድ ቤተሰቦቼን ጠይቄ ከኮምቦልቻ ስመለስ ሐረጎ ዳገት ላይ ያበበ ወይራ ቆረጥኩ። በማግስቱ ሰኞ ገበያ፣ ቅጠል ከሚሸጡ አንዲት አሮጊት ያበበ የጥብስ ቅጠልና በሶብላ ገዛሁ፤ እዚያው ቁጢጥ ብዬም አበባቸውን በመርፌ እየፈለቀቅኩ ቆጠርኩ።

«ምን ጠፍቶሽ ነው?» አሉኝ።

«አንድ ሊቅ እንዳለው ወገናቸውን እየለየሁ ነው። የጥብስ ቅጠሉና ወይራው ሁለት ሁለት ክር ስላላቸው አንድ ወገን ናቸው። በሶብላው አራት አለው፤ ከነሱ ይለያል።»

ሳቁ። «ወላሂ፣ ይኼን ያለሽ ሰው ገበያ ወጥቶ አያውቅም! እስቲ የጥብስ ቅጠሉን ግንድ በጣትሽ አዙሪው፤ እንደ በሶብላው አራት ማዕዘን አይደለም? ሽታቸውስ? ወይራ እኮ ባለ ፍሬ ነው፤ ፍሬውም ውስጡ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ዘር አለው። በክር ቁጥር ብቻ ዘመድ ይለያል እንዴ?»

ሐሙስ ዕለት የስዊድናዊውንም የእሳቸውንም አቀረብኩ። መምህሩ «የጠየቅሁሽ የሊቃውንቱን ነው፤ የገበያውን አይደለም» ብሎ አስቀመጠኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ ፊቴ ነደደ። ሴትየዋ ግን ትክክል ነበሩ፤ ግንዱን ዳስሼዋለሁ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት መልስ እሳቸው ያሉትን የሚደግፍ ሊቅ ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። በመጨረሻ ሽፋኑ በወለቀ መጽሐፍ ውስጥ አገኘሁት። ስዊድናዊው ራሱ ቆጠራው ለፍለጋ እንዲመች እንጂ ዝምድናን ለማሳየት እንዳልሆነ ያውቅ ነበር። ከእሱ በኋላ ፈረንሳውያን ግንዱን፣ ቅጠሉን፣ ፍሬውንና ዘሩን አንድ ላይ እያዩ መመደብ ጀመሩ፤ የጥብስ ቅጠልም ከበሶብላ ጎን ገባ።

ገጹን ወረቀት ላይ ገልብጬ ለመምህሩ ወሰድኩለት። ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይኼን እኔም አላስተማርኳችሁም» አለ። «ሐሙስ እንደገና ታቀርቢያለሽ።»

ለሴትየዋ ስነግራቸው አልተደነቁም። «እሰይ፣ ሊቃውንቱም ገባቸው» ብለው ጦስኝ ማሰራቸውን ቀጠሉ።

ሐሙስ ግሪካዊውን፣ ስዊድናዊውንና ፈረንሳውያኑን ተናግሬ ስጨርስ የሰኞ ገበያዋን ሴት ጠቀስኩ። የሳቀ አልነበረም።