ያልደገምኩት ኮርስ

ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት አፕላይድ ማትስ አንድ በሚባለው ኮርስ «ዲ» አመጣሁ። ዲ ክፉ ናት፤ ወድቀሃል አትልህ፣ አልፌያለሁ ብለህ አትኮራባት። ለቀጣዩ ሴሚስተር ልመዘገብ ስሄድ አማካሪያችን ውጤቴን ደጋግመው አዩት።

«ደንቡ ወደ አፕላይድ ሁለት እንድታልፍ ይፈቅድልሃል» አሉኝ። «እኔን ከሰማህ ግን አንድን ድገመው። የኢንጂነሪንጉ ትምህርት በሙሉ የሚቆመው በሱ ላይ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። አገሬ ስማዳ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ካልኩለስ ላይ ሳንደርስ ክረምቱ ደርሶብን ነው የወጣነው። ግን መድገም ማለት ከጓደኞቼ አንድ ዓመት ወደ ኋላ መቅረት ነበር።

ቤት ደግሞ የተነገረ ነገር አለ። ኢንጂነሪንግ የደረሰኝ ሰሞን የማኅበር ተረኛው አባቴ ነበሩ። ጽዋው ሲዞር ካህኑ «ኢንጂነር ሆኖ ይግባ» ብለው መረቁኝ፤ ቤቱ ሙሉ ሰው «አሜን» አለ። ከዚያ ወዲህ በከተማችን በወገዳ ገበያ ላይ አባቴን በስማቸው የሚጠራ ጠፋ፤ «የኢንጂነሩ አባት» ሆኑ። ለበዓል ስመጣ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ብድግ ይሉልኝ ጀመር። እነዚህን ሰዎች በምን አፌ «እየደገምኩ ነው» ልበላቸው?

አባቴን ላማክራቸው ደወልኩ። ድምፃቸውን ስሰማ «ሁሉም ደህና ነው» ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ በአፕላይድ ሁለት ላይ ሌላ የሒሳብ ኮርስ ጨምሬ ተመዘገብኩ። ያን ቀን የፈረመችውን እጄን እስካሁን እጠላታለሁ።

መምህሩ «ይህን አፕላይድ አንድ ላይ አይታችሁታል» እያሉ የሚዘሉት መስመር ሁሉ ለእኔ ገደል ነበር። ሰው ሲጽፍ እጽፋለሁ፤ የጻፍኩትን ግን አላውቀውም። ሁለቱንም ወደቅኩ። በዓመቱ መጨረሻ ተሰናበትኩ።

ወገዳ ከአውቶብስ ወርጄ ገበያውን በጓሮ ዞሬ አመለጥኩ። አባቴ ማሳ ላይ ነበሩ። መባረሬን ስነግራቸው በሬዎቹን አቁመው ሰሙኝ። አማካሪው ያሉኝን ስነግራቸው ግን እርፉን ለቀቁት።

«ድገመው ብለውህ ነበር?»

«አዎ፣ አባባ። እርስዎን ሰው ፊት እንዳላሳፍር ብዬ ነው።»

«አየ ልጄ! እኔስ መች አንድ ጊዜ አርሼ ዘርቼ አውቃለሁ?»

ማሳው ለሦስተኛ ጊዜ እየታረሰ ነበር። ያኔ በስልክ ብጠይቃቸው ይህንኑ ይሉኝ እንደነበር ሳስብ ድንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሳቸው እርፉን መልሰው ይዘው ማረሳቸውን ቀጠሉ።

እኔም ከዚያ ወዲህ ቤት ነኝ። ገበያ ላይ ዛሬም መባረሬን የማያውቅ ሰው «የኢንጂነሩ አባት!» ብሎ ይጠራቸዋል። አባቴም ዞር ብለው «አቤት» ይላሉ።