የእህቴ ሠርግና የአያቴ የልደት ወረቀት

እህቴን ለጋብቻ የጠየቁት በራቤል በኩል የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ልጁን እሷም ወዳዋለች፣ እኛም ወደነዋል፤ የቀረው ዘር ቆጠራው ብቻ ነበር። እኛ አገር እስከ ሰባት ቤት የሚዛመድ ሰው አይጋባም። ስለዚህ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ይቀመጡና ከሙሽሮቹ ጀምረው አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ ወደ ላይ ይቆጥራሉ። ሁለቱ ዘሮች ካልተገናኙ፣ ወይም ከሰባት ቤት በላይ ከተገናኙ፣ የድግሱ ጠላ ይጠመቃል።

ተገናኙ። አንድ የጥንት ሰውዬ በልጁ በኩል ስምንተኛ፣ በእኛ በኩል ሰባተኛ ሆነው ቁጭ አሉ።

የንስሐ አባታችን ገብስ ሲሰፈር የጎደለ ይመስል፣ «በእናንተ በኩል አንድ ቤት ይጎድላል። ይህን ጋብቻ አልባርክም» አሉ።

እህቴ እንግዶቹን እያስታጠበች ነበር። ውሃው ከሰዎቹ እጅ ውጪ መሬት ላይ ይፈስ ጀመር።

እኔ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ለእረፍት ነበር የመጣሁት። የታሪክ መምህራችን የቃል ታሪክ በጽሑፍ ማስረጃ መመሳከር እንዳለበት ደጋግሞ ነግሮናል። እኔም ይህንን በደንብ ጽፌ ይዣለሁ። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርቤ፣ ዘመሮ ወዳለው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ሄጄ የቤተሰባችንን መዝገብ ላመሳክር ስል ጠየቅሁ።

«የምን ኩነት?» አሉ አያቴ።

«ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚመዘገብበት ነው፣ አባባ።»

«ታዲያ ያ ሁሉ የሞተ ሰው ሄዶ ተመዝግቧል?»

የንስሐ አባታችን «ትሞክር» አሉ። ለትምህርቴ ክብር ብለው እንጂ ተስፋ አድርገው አልመሰለኝም። ቆጠራው ለሚቀጥለው እሑድ ተቀጠረ።

ከአያቴ ጋር በገበያ ቀን ሄድን። ጭጋጉ ገና ከከተማው አልተነሣም። ጽሕፈት ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ግማሹን የማዳበሪያ ጆንያ ይዞታል። መዝጋቢው አንገቱን በፎጣ የጠቀለለ ወጣት ነበር። የመጣሁበትን ጉዳይ ከሰባተኛው ቤት ጀምሬ በሥነ ሥርዓት አስረዳሁት።

«የኔ እህት» አለኝ፣ «ምዝገባው ራሱ የትናንት ነው። እዚህ ተወልዶ በጊዜው ከተመዘገበው ሁሉ ሽማግሌው ምናልባት አራተኛ ክፍል ይማር ይሆናል።»

ያም ሆኖ አባቴ ለአንድ ጉዳይ የልደት ወረቀት ፈልጎ የቤታችን ሰዎች በአንድ ላይ አውጥተው ስለነበር፣ የእነሱን አውጥቶ ሰጠኝ። ደብተሬን ከፍቼ መገልበጥ ጀመርኩ። አያቴ መስከረም አንድ ተወለዱ። ሴት አያቴ መስከረም አንድ። አባቴም መስከረም አንድ። እናቴም እንዲሁ።

«ሁሉም በአንድ ቀን ነው እንዴ የተወለዱት?» አልኩት።

«ቀኑን የማያውቅ ሰው የሚወለደው መስከረም አንድ ነው።»

«እኔ ነሐሴ ነኝ» አሉ አያቴ። «እናቴ አረም ላይ ሳለች ነው የወለደችኝ።»

«ምስክር አለዎት፣ አባት?»

«እናቴ ነበረች።»

«ይምጡና ይመስክሩ።»

«ሞታለች እኮ።»

«የሞት ምስክር ወረቀት ወጥቶላቸዋል?»

አያቴ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ደብተሬ ተመለስኩ። በዚያው ወረቀት መሠረት አባቴ እናቱን በሦስት ዓመት ይበልጣል። መዝጋቢው አይቶ «ኮምፒዩተሩ ተቀብሎታል» አለ። አያቴ ግን በጣም ሳቁ፤ «ለዚህ ነዋ እናቱ የምትፈራው» አሉ።

ከዚያ የአያቴን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። የአባት ስም ተሞልቷል። የእናት ስም ከነአባቷ ከነአያቷ ተሞልቷል። ሁለቱንም ደግሜ አነበብኩና ወረቀቱን በእጄ ሸፈንኩት። የአያቴ አባትና የአያቴ እናት አባት አንድ ሰው ናቸው።

መዝጋቢውን ዝቅ ባለ ድምፅ «ይሄ ልክ ነው?» አልኩት።

«አባት አለ፣ እናት አለች። የተሟላ ነው።»

«እናትየዋ እኮ የአባትየው ልጅ ናቸው።»

ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበው። አያቴን አያቸው። ተነሥቶ በሩን ዘጋና ተመልሶ ቆመ። «አባት፣ ይሄ ነገር በሕግ ያስጠይቃል» አለ።

«ምኑ?»

«ወላጆችዎ።»

አያቴ የተጻፈውን ሳነብላቸው መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ሲገባቸው በርኖሳቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። «ያሳደገኝ ነዋ» አሉ። «የእናቴ አባት ነው። እሷን ያገባት ሰውዬ እኔ ሳልወለድ ሄዶ ቀረ። ቄሱም፣ የኔታም፣ ጎረቤቱም በእሱ ስም ጠሩኝ። አባትህ ማነው ስትሉኝ ማንን ልበል?»

መዝጋቢው ተነፈሰና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ለምን ይሄን ያኔ አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

እኔ በዚህ መሀል በጣቴ እየቆጠርኩ ነበር። እህቴ፣ አባታችን፣ አያታችን፣ ከዚያ ያሳደጓቸው ሰው። በሁለቱ መካከል ያለችው ሴት በቆጠራው ላይ አልነበረችም። «አባባ፣ እናትዎን ዘለዋታል። አንድ ቤት ጎደለ የተባለው የእሷ ነው» አልኳቸው። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

እሳቸው ደስ አላላቸውም። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ አባቴ ያልኩትን ሰው፣ ሽማግሌ ፊት አያቴ ነው ልበል?» አሉኝ። «አባትህስ ማነው ሲሉ?»

እኔ ሰው ሁሉ ደስ እንዲለው እፈልጋለሁ፤ እዚያ ላይ ግን አልተቻለም። በአንድ በኩል እህቴ አለች፣ በሌላው እሳቸው አሉ። «እርስዎ እንደፈለጉ» ብዬ በመስኮቱ ጭጋጉን ማየት ጀመርኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው ጽድ ሥር ተቀመጡ። እህቴ ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብላ ቆማለች። አያቴ ከእሷ ጀመሩ፤ ወደ አባቴ ወጡ፤ ወደ ራሳቸው ደረሱና ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ የእናታቸውን ስም ጠሩ፤ «ባሏ እኔ ሳልወለድ ሄዶ ቀረ» አሉ፤ ቀጥለው «የእሷ አባት» ብለው ያሳደጓቸውን ሰው ጠሩ።



«ቆይ፣ ሴት በቆጠራ ትገባለች?» አሉ ከራቤል የመጡ አንድ ሽማግሌ።

«ካልገባች ይሄ ሰው በየት መጣ?» አሉ የንስሐ አባታችን።

የእኛው ጎረቤት፣ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት፣ በዱላቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። «እኛማ ድሮም እናውቃለን» አሉ። «አንተ የማታውቅ መስሎን ነው ዝም ያልነው።»

«እኔ ደግሞ እናንተ የማታውቁ መስሎኝ» አሉ አያቴ።

የንስሐ አባታችን እንደገና ከታች ወደ ላይ ቆጠሩና «ስምንት» አሉ። ሴቶቹ ጋ እልልታ ሊጀመር ሲል የራቤሉ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ።

«ሄዶ የቀረው ሰውዬስ? የእኛ ዘር ቢሆንስ? ወዴት ነበር የሄደው?»

«መርሐቤቴ» አሉ አያቴ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

ሽማግሌው አሰቡበት። «መርሐቤቴ ቆላ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እኛ ቆላ ዘመድ የለንም።» ሌሎቹም ቆላ ዘመድ እንደሌላቸው አረጋገጡ፤ ነገሩም በዚያ ተዘጋ።

ወደ ቤት ስንወርድ ከአያቴ ጋር እኩል ሄድኩና ሰውዬው በእርግጥ መርሐቤቴ መሄዱን ከማን እንደሰሙ ጠየቅኳቸው።

«ፍጠኚ» አሉኝ። «እህትሽ እንግዶቹን ለማስተናገድ ብቻዋን ቀድማለች።»